ሁለቱ ግራጫዎች፤ የቤትን ቀለም በቤት ብርሃን ስለ መምረጥ

አዲስ ቤት ሠርቶ ወይም አሮጌውን አድሶ ግድግዳውን ለማስቀባት የተነሣ ሰው፥ ከሁሉ የሚቀለው ግራጫ ቀለም መምረጥ ይመስለዋል። ቀይ ይበዛል፤ አረንጓዴ ይሰለቻል፤ ነጭ ቶሎ ያድፋል፤ ግራጫ ግን ከሁሉ ጋራ ይስማማል ይባላልና። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፥ አንዳንድ ጊዜም በቤተ ሰብ መካከል ቅሬታ ያገባል። ስለዚህ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተማዎች ስላለው የቤት ብርሃንና ስለ ግራጫ ቀለም ምርጫ የተረዳነውን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለማካፈል አሰብን።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር እንግዶች አልነበሩም። ከብት የሚያረባና ፈረስ የሚጋልብ ሕዝብ፥ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን መልክ ሁሉ ባንድ ስም ጠርቶ አያልፍም። ፈረሱን ግራጫ አለ፤ በሬውን ዳለቻ አለ፤ አህያውን ቡላ አለ፤ ወዙ የጠፋውን ነገር አመድማ አለ። ዳለቻ የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም የሚነገር ስለ ሆነ፥ በአዳማ ገበያ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ይግባቡበታል። ዛሬ በቀለም መሸጫ ቤት በወረቀት ላይ በቍጥር ተለይተው የሚታዩትን ሁሉ ግራጫ ብለን ብቻ ስናልፋቸው፥ አባቶቻችን ለፈረስና ለበሬ ያደረጉትን ጥንቃቄ ለመኖሪያ ቤታችን ነፈግነው ማለት ነው።

ግራጫ ሁሉ ከላይ ከሚታየው መልኩ በታች የሚያደላበት አንድ ሌላ ቀለም አለው። ከነጭና ከጥላሸት ጥቁር ብቻ የተደባለቀው ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዚያው ላይ ጥቂት ቢጫ ወይም ቡናማ የአፈር ቀለም ሲጨመርበት፥ ወደ አመድና ወደ ደረቅ ሣር መልክ ይመለሳል። እናቶቻችን ግድግዳውንና መደቡን በእበትና በአመድ ሲለቀልቁ የሚወጣው መልክ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የፊተኛውን ሰማይ ቀመስ፥ የኋለኛውን አፈር ቀመስ ብለን እንጠራቸዋለን። ሁለቱ እኩል የደመቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሱቅ መብራት ጎን ለጎን ሲታዩም እንደ መንትያ ልጆች ለመለየት ያስቸግራሉ። ግድግዳ ላይ ወጥተው የአንድ ቀን ፀሐይ ሲዞርባቸው ግን እያንዳንዳቸው ወደ ወገናቸው ይሄዳሉ።

በአዳማ የሚኖሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛና ባለቤታቸው ቤታቸውን ባሳደሱ ጊዜ በዚሁ ነገር ተቸገሩ። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። የወይዘሮዋ እናት፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ፥ የአንድ ዓይናቸውን ሞራ በሐኪም እጅ አስወግደው ከልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ መጥተው ነበር። ለእርሳቸው የተመደበው ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን የዞረ፥ ወለሉም ቀላ ያለ ሸክላ የተነጠፈበት ነው። ባልና ሚስት ሁለት ናሙና አመጡ፤ ወይዘሮዋም ሰማይ ቀመሱን መረጡ። ምክንያታቸውም አዳማ ሙቀት አገር ስለ ሆነች፥ ቀዝቀዝ ያለ መልክ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል የሚል ነበር። ናሙናው በግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሮጊቷ ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ዋሉ። ማታ ልጃቸው ከሥራ ሲመለሱ፥ «ልጄ፥ ይህ እኮ ሰማያዊ ነው። ግራጫ የምትዪው የቱን ነው?» ብለው ጠየቁ። በመብራቱ ግራጫ ሆኖ ይታይ ነበርና ልጃቸው ሣቁ፤ ባልየውም፥ «እማማ፥ ዓይንዎ ገና ደኅና አልዳነም» ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የራሱን ቤት ዘግቶ ከልጁ ቤት የገባ ሽማግሌ ሰው፥ ከቀረው ሀብት ዋነኛው የቃሉ መታመን ነው። ያየውን አላየህም ሲባል የሚያጣው ከቀለም ምርጫ ይበልጣል፤ ነገ ጧት ወለሉ ያዳልጣል፥ መድኃኒቱ ተለውጧል ብሎ ለመናገርም ይፈራል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ምክር በጠየቁን ጊዜ፥ እንደ ማንኛውም ክርክር የሦስቱንም ቃል ሰምቶ ማስረጃውን መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን።

አስቀድመን የዓይንን ነገር እንመልከት። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ሌንስ በልጅነት ጥሩ ብርጭቆ የመሰለ ንጹሕ ነው፤ ዕድሜ በገፋ ቍጥር ግን እየወየበ ይሄዳል። የወየበ ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን እየያዘ ስለሚያስቀረው፥ ለሽማግሌ ሰው ሰማያዊ ነገር ሁሉ ጨለም ብሎና ደብዝዞ ይታየዋል። ሞራ የጋረደው ሌንስ ወጥቶ ንጹሕ የተሠራ ሌንስ በተተካ ጊዜ፥ ለብዙ ዓመት ተከልክሎ የነበረው ሰማያዊ ብርሃን እንደ ገና ይገባል፤ ታካሚውም ከቀድሞው ይልቅ ሰማያዊውን አጥርቶ ያያል። አሮጊቷ በተራ አንዳንድ ዓይናቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ናሙናውን እንዲመለከቱ ተደረገ። በታከመው ዓይን ሰማያዊ፥ ባልታከመው ዓይን አመድማ ሆኖ ታያቸው። እንግዲህ አልዳነም የተባለው ዓይን ከሁለቱ የተሻለው ምስክር ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የመስኮቱ ብርሃን ነው። በአውሮፓ የተጻፉ ስለ ቤት ማስጌጥ የሚናገሩ መጻሕፍት፥ ወደ ሰሜን የዞረ ክፍል የቀትር ፀሐይ ከቶ አያገኝም ይላሉ። ለእነርሱ አገር እውነት ነው፤ ለእኛ አገር ግን ሊስተካከል ይገባዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፥ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰችው አዳማ፥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፥ በቀትር በከተማዋ አናት ላይ ታልፋለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት የክረምት መግቢያና የክረምት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል ናት።

ከዚህ የተነሣ በአዳማ ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት በበጋው ወራት የሚቀበለው ከጠራው ሰማይ የሚወርደውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። በክረምት ፀሐይ ወደ እርሱ ብትዞርም፥ በቀትር እጅግ ከፍ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል፤ ደመናም ይጋርዳታል። ሰማይ ቀመስ ግራጫ እንዲህ ባለ ክፍል ሲቀባ፥ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ይደረብበታል። ወደ ደቡብ የዞረው ክፍል ግን በበጋ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ወደ ምሥራቅ የዞረው በጧት፥ ወደ ምዕራብ የዞረው ከሰዓት በኋላ ቢጫና ቀላ ያለ ብርሃን ይገባበታል፤ በዚያ ብርሃን አፈር ቀመሱ ግራጫ ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል፥ ሰማይ ቀመሱ ጠባዩን አርሞ እውነተኛ ግራጫ ይሆናል።

ሦስተኛው ምስክር ጎረቤት ነው፤ ይህንንም ስንል በቀለም አጠገብ ያለውን ሌላ ቀለም ማለታችን ነው። በፓሪስ ከተማ የጎብላን የመጋረጃ ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ሹም ለነበሩት ለሚሼል ኤዤን ሼቭረል፥ ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ይቀርብላቸው ነበር። ክሩን ከሌላ ሥራ ቤት ክር ጋራ አስተያይተው ሲመረምሩት ጉድለት አላገኙበትም፤ መልኩን ያዳከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው ባደረጉት ምርመራ፥ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው እንደሚገፋ የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የብርቱካን መልክ ተቃራኒው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ በቀላ የሸክላ ወለል ወይም በቀይ የእንጨት ዕቃ አጠገብ ያለ ግራጫ፥ ያለውን ሰማያዊነት ይበልጥ ያወጣል። በአሮጊቷ ክፍል የሆነውም ይኸው ነው።

የቀረው የመብራት ነገር ነው። ልጃቸው ክፍሉን የሚያዩት ማታ ከሥራ ሲመለሱ በመብራት ነበር። የኤሌክትሪክ አምፖል በማሸጊያው ላይ ኬልቪን በሚባል መለኪያ ቍጥር ተጽፎበታል። 2,700 ወይም 3,000 የተጻፈበት ብርሃኑ ቢጫ ነው፤ 6,500 የተጻፈበት ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። የሻማ ብርሃን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደ ቀይ ያደላል። ቢጫው አምፖል የግድግዳውን ሰማያዊነት ሲሸፍነው፥ ነጩ አምፖል ያጋልጠዋል። ሁለት ናሙናዎች ባንዱ መብራት አንድ መስለው በሌላው ተለያይተው መታየታቸውም በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ ልጅም እናትም እውነት ተናግረዋል፤ የተለያየው ቀለሙን ያዩበት ሰዓትና ብርሃን ነበር።

ወይዘሮዋ ስለ ሙቀት ያሰቡትንም መመርመር ይገባል። ሰማያዊ መልክ ለአሳብ የመቀዝቀዝን ስሜት ይሰጣል፤ የክፍሉን ሙቀት ግን አያወርደውም። በአዳማ ቤቱን የሚያሞቀው ከሁሉ ይልቅ የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። ሙቀት የሚቀንሰው በጣሪያው ሥር ኮርኒስ በማበጀት፥ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል አየር እንዲተላለፍ በማድረግ፥ ጣሪያውን ፀሐይ በሚመልስ ነጣ ያለ ቀለም በመቀባት፥ በምዕራብ በኩልም ጥላ የሚሰጥ ዛፍ በመትከል ነው። ስለ ሙቀት ሲባል ብቻ ሰማይ ቀመሱን መምረጥ ለግድግዳው የጣሪያውን ሥራ እንደ መስጠት ይቈጠራል።

በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተማዎችም ፍርዱ እንደየስፍራው ይለያያል። በአዳማና በሞጆ አካባቢ በበጋ ሣሩ ደርቆ ምድሩ ሲገረጣ፥ ፀሐይ ከመሬት እየነጠረች ወደ ቤት የምታስገባው ብርሃን ወደ አፈር መልክ ያደላል። በሻሸመኔ ዛፍና አትክልት በከበበው ግቢ ግን ከቅጠል የነጠረው ብርሃን አረንጓዴነት አለው፤ አረንጓዴ ጠብታ የገባበት ግራጫ እንዲህ ባለ ቤት ሲቀባ የሰውን ፊት የታመመ ያስመስላል። በባቱ ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ደግሞ ብርሃን ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከውሃውም ገጽ ነጥሮ ከታች ወደ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ የኮርኒሱን ቀለም ከግድግዳው ጋራ አስተያይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። በአዳማ ያማረ ቀለም በሻሸመኔ ላያምር ስለሚችል፥ የዘመድን ቤት አይቶ የቀለሙን ቍጥር ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም።

ስለዚህ ሁለት ግራጫ አቅርቦ አንዱን ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው የሚከተለውን ሥርዓት ቢጠብቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፤ ከሱቅ በመጣው ትንሽ ወረቀት አይፍረድ። ከሁለቱም ቀለም በትንሹ ገዝቶ፥ ወርዱና ቁመቱ ግማሽ ሜትር በሆነ ሁለት ሰሌዳ ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀባ። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም መልካቸው ስለሚለያይ፥ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይታገሥ።

ሁለተኛ፤ ሁለቱን ሰሌዳ ከንጹሕ ነጭ ወረቀት አጠገብ ጎን ለጎን ያቁም። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ወገን ይገለጣል፤ አንዱ ወደ ሰማይ ሌላው ወደ አፈር ሲሸሽ ይታያል። ነገር ግን ጎን ለጎን መሆናቸው ራሱ ልዩነታቸውን ስለሚያጋንን፥ በዚህ ብቻ አይቍረጥ። ወገናቸውን ካወቀ በኋላ ለየብቻቸው፥ አንዱን ባንድ ቀን ሌላውን በማግስቱ፥ ከወለሉና ከመጋረጃው አጠገብ ያድርጋቸው።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱን ከጧቱ 2 ሰዓት፥ በቀትር፥ ከቀኑ 11 ሰዓት፥ ከምሽቱም 2 ሰዓት በቤቱ መብራት ይመልከተው። ሰሌዳውን በመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳና መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ ማዘዋወር ይገባል፤ የሁለቱ ብርሃን አንድ አይደለምና። አምፖሉን ለመለወጥ ያሰበ ሰው ከቀለሙ በፊት ይለውጠው።

አራተኛ፤ አራቱም ግድግዳ በተቀባ ጊዜ ቀለም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚበረታ፥ በሰሌዳው ላይ በጥቂቱ የታየው ሰማያዊነት ወይም ቢጫነት በክፍሉ ውስጥ ከዚያ ይበልጣል። በሰሌዳው ላይ የሚያጠራጥር ቀለም በግድግዳው ላይ አይሻሻልም።

አምስተኛ፤ የሚበቃውን ቀለም ባንድ ጊዜ ያስቀላቅል። ልኩን ለማወቅ፥ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 የሆነ ክፍል፥ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 38 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ ስላለው፥ ለሁለት ጊዜ ቅብ ወደ 8 ሊትር ይፈልጋል። ቀለም የሚመጥ አዲስ ልስን ከሆነ አስቀድሞ በስቱኮ ይለስልስ። ቀለሙ ጎድሎ በሌላ ቀን የሚቀላቀለው ከፊተኛው ጋራ በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተቀላቀለውንም ሻጭ መልሶ አይወስድም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ነው።

ሽማግሌ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው በሚኖርበት ክፍል ስድስተኛ ነገር ይጨመራል። ግድግዳውን፥ በሩንና መቃኑን ባንድ ግራጫ መቀባት ለጎብኚ ያምራል፤ በሌሊት ተነሥቶ በሩን በእጁ ለሚፈልግ ሰው ግን አደጋ ነው። መቃኑና የመብራት ማብሪያው ዙሪያ ከግድግዳው ለይቶ ጠቆር ያለ ቢሆን፥ ደካማ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል።

በአዳማው ቤት ሰሌዳዎቹ ለአራት ቀን ተቀመጡ። ቅዳሜ ወይዘሮዋ ሥራ ስላልነበራቸው ከእናታቸው ጋራ በክፍሉ ውስጥ ዋሉ። ረፋዱ ላይ የሰማዩ ብርሃን በሰሜኑ መስኮት ሲገባ ሰሌዳውን አይተው፥ «እማዬ፥ እውነትም ሰማያዊ ነው» አሉ። አሮጊቷም፥ «እኔስ ምን አልኩ?» ብለው ቡናቸውን መጠጣት ቀጠሉ። ባልየውም ይቅርታ ጠየቁ። የእናትየው ክፍል አፈር ቀመሱን ግራጫ ተቀባ፤ በበጋው ሰማያዊ ብርሃን የአፈሩ መልክ ለዝቦ፥ ግድግዳው ለስለስ ያለ ዳለቻ ሆነ። መቃኑ ጠቆር እንዲል የጠየቁት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው። ሰማይ ቀመሱም አልተጣለም፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረው የእንግዳ መቀበያ ተቀባበት፥ ከሰዓት በኋላ በሚገባው ቢጫ ፀሐይም ጸጥ ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ከሁለቱ ግራጫዎች አንዱን መልካም ሌላውን ክፉ የሚያሰኝ ነገር የለም። መስኮቱ የዞረበት አቅጣጫ፥ የወለሉ መልክ፥ የአምፖሉ ቍጥርና የነዋሪው ዓይን ፍርዱን ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ቃል የነዋሪው ይሁን። አባወራውና እመቤቲቱ ክፍሉን በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብለው የሚያዩት ከሆነ፥ ከጧት እስከ ማታ በውስጡ የሚውለውን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሚሰጣቸውንም መልስ ከመሣቃቸው በፊት በእርሱ ወንበር ተቀምጠው፥ በእርሱ ሰዓት ይመልከቱት።